ሌቨንሁክን ማን ሰማው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህን ሳታነብ እንዳታድር» ብሎ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። አልዋሽም፣ ደስ ይላል፤ አንዴ ከጀመሩት የማይተውት ዓይነት ነው። ችግሩ ግማሹ እውነት አለመሆኑ ነው።

ጽሑፉ ስለ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው፤ ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ስላየው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ማይክሮስኮፕን የፈለሰፈው እሱ ነው። መሃይም የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ያየውን ለለንደን ምሁራን ቢጽፍላቸው ሳቁበት፣ ደብዳቤውንም ወረወሩት። በሽታ የሚመጣው ከጥቃቅን ተህዋስያን መሆኑን ቀድሞ አውቆ ነበር፤ ቢሰሙት ኖሮ ስንት ሕዝብ ይተርፍ ነበር። በመጨረሻም ተቀይሞ ምስጢሩን ይዞ መቃብር ወረደ። መዝጊያው ደግሞ «ምሁራን ሲስቁብህ ትክክል ነህ ማለት ነው» የሚል ነው።

እኔን ብዕር ያስነሳኝ ይህ መዝጊያ ነው። እንዲህ ያለ አባባል ለሌቨንሁክ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ለማንኛውም በሽታ መድኃኒት አለኝ፣ ሐኪሞች ግን ቀኑብኝ» ለሚለው ሰው ነው። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ጠብም የለንም። ነገር ግን ያነሳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ብናያቸው ደስ ይለኛል። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ማይክሮስኮፕን ፈለሰፈ» የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ሌቨንሁክ የተወለደው በ1632 ነው። «ማይክሮስኮፕ» የሚለውን ስም ግን ጆቫኒ ፋበር የተባለ የሮም ሐኪም በ1625 አውጥቶታል። ስሙ ከሰውየው በ7 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ «ማይክሮግራፊያ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1665 ነው፤ ቁንጫና ቅማል ድመት አክለው የተሳሉበት መጽሐፍ። የሌቨንሁክ የመጀመሪያ ደብዳቤ ለንደን የገባው ከዚያ 8 ዓመት ቆይቶ ነው።

የእሱ ልዩነቱ ሌላ ነው። ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ሌንስ ደርድረው ረጅም ቱቦ ውስጥ ይከታሉ። በዚያ ዘመን መስታወት ደግሞ ሌንስ በጨመሩ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዙሪያውንም ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይከበዋል። እሱ አንዲት ሌንስ ብቻ ወሰደ። ከምስር ፍሬ የምታንስ። በሁለት ስስ የናስ ሉሆች መካከል ሰካት። ከሉሁ ጀርባ አንዲት መርፌ አለች፤ የሚታየው ነገር ጫፏ ላይ ይጣበቃል። መርፌዋን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሱ ብሎኖች አሉ። ዕቃው በሙሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ዓይን ላይ ለጥፎ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ሽፋሽፍት ሌንሱን እስኪነካ ድረስ። በዚህ ሰዓታት መቆየት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት።

«መሃይም የጽዳት ሠራተኛ» የሚለው ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። በ1660 ሌቨንሁክ የዴልፍት ከተማ ሹማምንት የሚሰበሰቡበት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ክፍሉን መክፈትና መዝጋት፣ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ በብርድ ጊዜ እሳት ማንደድ ይገኙበታል። ከዚያ ውስጥ «ንጽሕና» የምትለዋን ብቻ ነጥሎ ያወጣ ሰው መጥረጊያ አስያዘው። ሰውየው ግን የራሱ ሱቅ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ሄዶ ንግዱን ለመደ፤ በ1654 ዴልፍት ተመልሶ ሱቅ ከፈተ። በ1669 ተፈትኖ መሬት ቀያሽ ሆነ። በ1679 የወይን ጠጅ በርሜሎችን የሚለካ የከተማ ሹም አደረጉት። ሠዓሊው ዮሐንስ ቨርሜር ዕዳ ጥሎ ሲሞት ንብረቱን እንዲያጣራ የተሾመውም እሱ ነው። ለመሃይም ይሄ ሁሉ ኃላፊነት አይሰጥም።

እርግጥ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ከሆላንድኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ ላቲን ሳያውቁ ከምሁራን ጋር ልቀመጥ ማለት ግዕዝ ሳይዙ ቅኔ ቤት እንደመግባት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ አልከራከረውም። ግን ንግዱ የሰጠውንም አንርሳ። ጨርቅ ነጋዴ የሸማውን ጥራት ለማወቅ በማጉያ መነጽር ክር ይቆጥራል። ቀያሽ ይለካል። በርሜል ለኪም ይለካል። ሌቨንሁክ ያያቸውን ፍጥረታት «በጣም ትንሽ ናቸው» ብሎ አያልፍም። ከአሸዋ ቅንጣት፣ ከፀጉር ውፍረት፣ ከቅማል ዓይን ጋር ያመዛዝናቸዋል። ከዚያ ሒሳቡን ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ሳቁበት፣ ደብዳቤውን ወረወሩት።»

ጊዜው 1673 ነው፣ ሚያዝያ አካባቢ። እንግሊዝና ሆላንድ ጦርነት ላይ ናቸው፤ መርከቦቻቸው ባሕር ላይ በመድፍ ይጫረሳሉ። በዚህ መሐል ዴልፍት የሚኖር ሬኒየር ደ ግራፍ የሚባል ወጣት ሐኪም ለንደን ላለው የምሁራን ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ጸሐፊ ይጽፋል። እዚህ አንድ ሰው አለ፣ እስካሁን ካየናቸው ሁሉ የሚበልጥ ማይክሮስኮፕ ይሠራል፣ ይላል። የሌቨንሁክን ጽሑፍም አብሮ ይሰዳል፤ ስለ ሻጋታ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ቅማል። እንግዲህ ከጠላት አገር የመጣ፣ ዲግሪ የሌለው የጨርቅ ነጋዴ ጽሑፍ ነው። የሶሳይቲው ጸሐፊ ምን አደረገ? አስተርጉሞ በዚያው ዓመት በመጽሔቱ አተመው። ተጨማሪ እንዲልክም ጠየቀው። «ወረወሩት» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊ ትንሽ ላውራ፤ ወዳጄ በላከልኝ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ አንዴ እንኳን አልተነሳምና። ሄንሪ ኦልደንበርግ ይባላል። እንግሊዛዊ አይደለም፤ ከጀርመን ከብሬመን የመጣ ነው። በ1665 «ፊሎዞፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት የጀመረው እሱ ነው። ይህ መጽሔት ዛሬም ይታተማል። ኦልደንበርግ በሕይወቱ ያገኘው ትልቅ ግኝት የለም። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ጣልያን ላለው ይጽፋል፣ ፈረንሳይ ላለው ይጽፋል፤ ምን እያያችሁ ነው፣ ምን እየሞከራችሁ ነው ይላል። የመለሱለትን ይተረጉማል፣ በስብሰባ ያነባል፣ ያትማል፣ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ያሻግራል። የሳንባን ደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ ያየውን የቦሎኛውን ማርቼሎ ማልፒጊን ከሶሳይቲው ጋር ያገናኘው የእሱ ደብዳቤ ነው።

ይህ ሥራ ዋጋ አስከፍሎታል። ከውጭ አገር ብዙ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው በጦርነት ጊዜ ሰላይ ይመስላል። በ1667 ይዘው ለንደን ግንብ ውስጥ አሰሩት፤ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። አንዳንዱን ደብዳቤ በራሱ ስም ላለመቀበል የስሙን ፊደላት ገለባብጦ «ግሩበንዶል» የሚባል ሰው ፈጥሮ ነበር። ከእስር ሲወጣ ይተወዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተወውም። ከ6 ዓመት በኋላ፣ እንደገና በጦርነት ጊዜ፣ ከዚያችው ከሆላንድ የመጣ የማያውቀው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ከፈተው።

በነገራችን ላይ እኛንም ይነካናል። ይኸው ሶሳይቲ አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን አስተርጉሞ በ1669 አሳትሟል። የጣናና የጢስ ዓባይ ወሬና የዴልፍቱ ቅማል ወሬ በጥቂት ዓመት ልዩነት እዚያው ቤት ገብተዋል ማለት ነው።

ሌቨንሁክስ ምን አለ? በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለኦልደንበርግ በጻፈው ደብዳቤ እስከዛሬ ያልጻፈበትን ምክንያት ይዘረዝራል። አንደኛ፣ ሐሳቤን በደንብ የምገልጽበት ብዕር የለኝም። ሁለተኛ፣ ያደግሁት በንግድ እንጂ በቋንቋና በጥበብ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሰው ሲቃወመኝና ሲነቅፈኝ አልወድም። ይህችን ሦስተኛዋን እወዳታለሁ። ያኮረፈው ገና ማንም ሳይናገረው ነው!

ከዚያ 1676 መጣ። ሌቨንሁክ ቁንዶ በርበሬ ምላስ የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ምናልባት ቅንጣቶቹ ሹል ይሆናሉ ብሎ ጠረጠረ። በርበሬውን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈና ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አየው። ሹል ነገር አላገኘም። ያገኘው ለማመን የሚያስቸግር ብዛት ያላቸው፣ የሚርመሰመሱ እንስሳት ነው። ጥቅምት ላይ 17 ተኩል ገጽ ሞልቶ ጻፈ። ኦልደንበርግ ዋናውን ዋናውን ተርጉሞ በመጋቢት 1677 አተመው።

እዚህ ጋ ጥርጣሬ ተነሳ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን በእነሱ ቦታ ራሳችሁን አስቀምጡ። በአንዲት ጠብታ ውኃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳት አሉ የሚል ሰው አለ። ሌላ ማንም አላያቸውም። እንዴት እንዳየህ ንገረን ሲሉት ዘዴዬን ለራሴ ነው የማስቀምጠው ይላል። ታዲያ ዝም ብሎ ማመን ነበረባቸው? እሱ ራሱ ነገሩ ገብቶታል። ቄሶች ያሉባቸው 8 የከተማው ሰዎች መጥተው እንዲያዩ አደረገና ምስክርነታቸውን በጽሑፍ ላከ።

ሶሳይቲው ምስክር አልበቃውም። ራሱ ማየት ፈለገ። ሥራው ለሮበርት ሁክ ተሰጠ። ሁክ በጣም ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ሠርቶ የበርበሬ ውኃ ሞላባቸው። ኅዳር 1 ቀን 1677 ስብሰባ ላይ ቀረበ። ምንም የለም። በሳምንቱ የተሻለ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። አሁንም ምንም። የሚስቅ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይስቅና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁክ ግን ኅዳር 15 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ታዩ! ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። ካዩት መካከል የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን የሠራው ክርስቶፈር ሬን ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር አልቀረም።

ኦልደንበርግ ግን ይህን አላየም። በመስከረም ሞቶ ነበር፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ።

በ1680 ሌቨንሁክን ሙሉ አባል አድርገው መረጡት። ለንደን ሄዶ አንድም ስብሰባ አልተካፈለም። ለዚያው ሶሳይቲ ብቻ 190 ያህል ደብዳቤ ጽፏል፤ የመጀመሪያው በ1673፣ የመጨረሻው በሞተበት በ1723። 50 ዓመት ሙሉ ያልሰማው ሰው ጋ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነው? ወዳጄ የላከልኝን ጽሑፍ ለጻፈው ሰው አንድ ነገር ልስጠው፤ ኦልደንበርግ ከሞተ በኋላ መጽሔቱ በተለያየ ጊዜ ለዓመታት ተቋርጧል፤ ለደብዳቤዎቹም እንደ በፊቱ የሚተጋ ጸሐፊ አልተገኘም። ሌቨንሁክ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ራሱ ወደ ማሳተም ገባ። ቅር ብሎት ይሆናል። ያ ግን የጸሐፊ መጥፋት ነው እንጂ የምሁራን ሳቅ አይደለም።

የበሽታው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስገርመኛል። ሌቨንሁክ ጥቃቅን ተህዋስያን በሽታ ያመጣሉ አላለም። ለማለት ግን ብዙ አጋጣሚ ነበረው። በ1681 ተቅማጥ ይዞት የራሱን ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ አይቷል። ዛሬ ጃርዲያ የምንላት ተህዋስ እንደነበረች ከገለጻው ይገመታል። አየ፣ ገለጸ፣ መጠኗን ጻፈ። ያመመኝ ከእሷ የተነሳ ነው አላለም።

የ1683ቱ የጥርስ ደብዳቤ ደግሞ አለ። ጥርሱን በየጠዋቱ በጨው ያሻል፣ በውኃ ይጉመጠመጣል፣ ከምግብ በኋላ በስንጥር ይጎረጉራል፣ በጨርቅ ይወለውላል። መፋቂያ ቢያገኝ ሳይወድ አይቀርም ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎም በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል እንደ ቀጠነ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር አገኘ። በዝናብ ውኃ በጥብጦ አየው። አንዳንዱ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ ይወነጨፋል። ሌላው እንደ እንዝርት ይሾራል። በአፌ ውስጥ ያሉት በመላው አገራችን ከሚኖረው ሕዝብ ይበዛሉ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን አጽድቶ የማያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ የእሱንም አየ። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ። ኮምጣጤ ቢጨምርባቸው ሞቱ። በ1692 ደግሞ ከፊት ጥርሱ ላይ ሕይወት ያለው ነገር ሲያጣ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ትኩስ ቡና ሳይጨርሳቸው አልቀረም ብሎ ጠረጠረ። (ይህችን ለቡና ወዳጆች ትቻለሁ።) ከጥርስ ሕመም ጋር ግን አላገናኛቸውም።

ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። ወረርሽኝ ከጥቃቅን ሕያዋን ነገሮች ይመጣል ብሎ በ1658 በመጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ ሮም የሚኖረው ኢየሱሳዊ አታናሲየስ ኪርከር። በሕሙማን ደም ውስጥ ትሎች አየሁ ብሏል። በነበረው ማይክሮስኮፕ ግን የወረርሽኙን ባክቴሪያ ሊያይ አይችልም ነበር። ኪርከር ሳያይ ተናገረ፤ ሌቨንሁክ አይቶ ዝም አለ። ሁለቱን ለማገናኘት 200 ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ሉዊ ፓስተርና ሮበርት ኮህ እስኪመጡ። የባክቴሪያ ዘር ለይቶ በንጹሕ ማሳደግ፣ ቀለም መንከር፣ እንስሳ ላይ መሞከር፣ የማያደበዝዝ ባለ ብዙ ሌንስ ማይክሮስኮፕ፤ እነዚህ ሁሉ በ1683 አልነበሩም። «ቢሰሙት ኖሮ» የሚባለው እሱ ያላለውን እንዴት አድርገው ነው የሚሰሙት?

የቀረው «ምስጢሩን ይዞ መቃብር ወረደ» ነው። ይህ ብዙ ዘመን እውነት ይመስል ነበር፤ እኔም አምን ነበር። ሌቨንሁክ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ ለማንም አልተናገረም። 500 ያህል ሠርቷል ይባላል፤ ዛሬ ያሉት ማይክሮስኮፖች ግን ወደ አሥር ብቻ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ያለው ነው፤ ወደ 270 እጥፍ ያጎላል። ችግሩ ሌንሱ በናስ ሉሆች መካከል የታሸገ መሆኑ ነው። ካልፈቱት አይታይም፣ ከፈቱት ይበላሻል።

በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች ሳይፈቱ አዩት። ኒውትሮን የተባለውን የአቶም ቅንጣት ተጠቀሙ፤ ኒውትሮን ናሱን አልፎ መስታወቱን ያሳያል። የተሠራውም ዴልፍት ባለው ሪአክተር ነው፤ በገዛ ከተማው። ያገኙት ክብ ለመሆን ትንሽ የቀራት የመስታወት ዶቃ ነው። ጎኗ ላይ የተሰበረ የመስታወት ክር ቅሪት አለባት። ተሞርዳ ሳይሆን ቀልጣ የተሠራች ናት ማለት ነው።

ይህን አሠራር ደግሞ እናውቀዋለን። ሁክ በ1665 በዚያው «ማይክሮግራፊያ» መግቢያ ላይ ጽፎታል። መስታወት አቅልጠህ በክር መልክ ሳበው፣ የክሩን ጫፍ እሳት ላይ ያዘው፣ ተጠቅልሎ ዶቃ ይሆናል። ሁክ ራሱ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ ዓይን ይጎዳል ብሎ። ሌቨንሁክ መጽሐፉን አይቶ ይሁን ራሱ ደርሶበት መከራከር ይቻላል። ሌላም ሌንሱ ታይቷል፤ አነስ ያለ ጉልበት ያለው ነው፣ እሱ ተሞርዶ የተሠራ ነው። ቢያንስ የዩትሬክቷ ዶቃ አሠራር ግን የተቀበረ ምስጢር አልነበረም። ታትሞ ሲሸጥ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴ ሞከርኩት። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው 12ኛን የጨረስነው፤ ቂም ነበረብኝ። ቀጭን የመስታወት ዘንግ አገኘሁና ማታ የጋዝ ምድጃ ላይ ያዝኩት። ሰማያዊው ነበልባል ጫፉ ላይ ወደ ብርቱካናማ ሲለወጥ መስታወቱ እንደ ማር ይለሰልሳል። ሁለቱን ጫፎች ሳብ ሲያደርጉት ከፀጉር የማይወፍር ክር ይወጣል። የክሩን ጫፍ መልሶ ወደ እሳቱ ማስጠጋት ነው። ወደ ላይ ይሸሻል፣ ይጠቀለላል፣ አንዲት ዶቃ ትንጠለጠላለች። የመጀመሪያዎቹ አረፋ ያዙ። ሌሎቹ ተንጋደዱ። ዘጠነኛዋ ተሳካች። ከለስላሳ ጣሳ ቁራጭ ቆርጬ በመርፌ በስቼ ዶቃዋን ሰካሁባትና ስልኬ ካሜራ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ አደረግሁበት። እንደ ጡብ የተደረደሩ ክፍሎች ታዩ፣ ጠርዛቸው ትንሽ እየተወላገደ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሆኜ ያደርኩት ያን ማታ ነው። ባለቤቴ ግን «ምድጃውን መስታወት በመስታወት አደረግከው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

«ተቀይሞ» የሚለውም አያስኬድም። በነሐሴ 1723፣ በ90 ዓመቱ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ወዳጁን ጠርቶ ሁለት ደብዳቤዎቼን ወደ ላቲን መልስልኝና ወደ ለንደን ላክልኝ አለው። ለሶሳይቲውም 26 የብር ማይክሮስኮፕ ተናዘዘ፤ ሲሞት ልጁ ማሪያ ላከችላቸው።

እነዚያ 26ቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍተዋል፤ የት እንደገቡ አይታወቅም። ደብዳቤዎቹ ግን አሉ። በ1981 ብራያን ፎርድ የተባለ ተመራማሪ ሶሳይቲው መዝገብ ቤት ውስጥ ሲያገላብጣቸው፣ ሰኔ 1674 የተጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ትንንሽ የወረቀት ጥቅሎች ተለጥፈው አገኘ። ሌቨንሁክ በምላጭ የቆረጣቸው ናቸው፤ የቡሽ ስስ ቁራጭ፣ የዛፍ ልብ፣ የላም የዓይን ነርቭ። ኦልደንበርግ ራሱ እንዲያያቸው የላከለት። ፎርድ ይዟቸው ዩትሬክት ሄደና በሌቨንሁክ በራሱ ማይክሮስኮፕ አያቸው። ደርቀዋል እንጂ አልተበላሹም።